አዲስ ቢት ወደ አሮጌ ጉድጓድ

ሰውየውን ሁሉም «ጥርስ ሐኪም» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሚስቱም ሳትረሳው አልቀረችም፤ ስትጠራው «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች። አፉ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ከፊት ያሉት ጥቂቶች ብቻ ስለሆኑ ሠራተኛው «የብረቱን ሲያክም የራሱን አስበላ» እያለ ይስቅበታል። እሱ ግን አይቀየምም። «የብረቱ ያበላኛል፤ የእኔ መብላት እንጂ ማብላት መቼ ያውቃል?» ይልና ወደ ሞረዱ ይመለሳል።

ሥራው የድንጋይ መሰርሰሪያ መሳል ነው። ተራራው ሥር የግንባታ ድንጋይ የሚወጣበት ዋሻ አለ። ከዋሻው አፍ ፈንጠር ብላ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ቆማለች። በሯ ገጥሞ አይዘጋም፣ መስኮቷ በብረት ብናኝ ጠቁሯል፣ ግድግዳዋ ላይ ከሰፊው እስከ ጠባቡ የብረት ቀለበቶች በሚስማር ተሰቅለዋል። ሰውየው ዕድሜውን የጨረሰው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ወጣት ሳለ እሱም ዋሻ ውስጥ ገብቶ ማሽን ይይዝ ነበር። ማሽኑ ጆሮውን ወሰደው። ጣቶቹንም አደነዘዛቸው፤ ብርድ ሲነካቸው እንደ ሻማ ይነጣሉ። ያን ጊዜ አለቃው አዘነለትና ሞረዱን ሰጠው።

መሰርሰሪያ ሲባል ያላየ ሰው እንደ እንጨት መብሻ እየዞረ የሚቆርጥ ይመስለዋል። ድንጋይ ግን እንደዚያ አይቆረጥም፣ ይመታል። ማሽኑ በአየር ኃይል ረጅሙን ዘንግ ይመታዋል፤ ዘንጉ ጫፉ ላይ የታሰረችውን የብረት ራስ፣ ቢት የሚሏትን፣ ይመታታል፤ ቢቷ ድንጋዩን ትመታዋለች። ከዚያ ትንሽ ትዞራለች፣ ደግሞ ትመታለች። የቢቷ ፊት ላይ የጣት ጫፍ የሚያካክሉ፣ ከብረትም የጠነከሩ እንክብሎች ተተክለዋል። ጥርስ የሚሏቸው እነሱን ነው። ጥርስ ሲሠራ ሲሠራ አናቱ ይተኛል። የተኛ ጥርስ ድንጋይ አይሰብርም፣ ያስለቅሰዋል እንጂ። በጣም ቢሾልም ራሱ ይሰበራል። «የእንቁላል ጫፍ መምሰል አለበት፤ ከዚያ ያለፈ ቅንጦት፣ ከዚያ ያነሰ ስንፍና ነው» ይላል ሐኪሙ።

መሀል ያሉት ጥርሶች ይፈጫሉ። ዳር ያሉት ደግሞ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ስለተተከሉ የጉድጓዱን ስፋት ይጠብቃሉ። ቀድመው የሚያልቁትም እነሱ ናቸው። ዳር ያለው ሲያልቅ ቢቷ ትከሳለች፤ ቢቷ ስትከሳ የምትበሳው ጉድጓድም እየጠበበ ይሄዳል። እንግዲህ ዕዳው እዚህ ላይ ነው። ጉድጓዱ ሳያልቅ ቢት መለወጥ ከተፈለገ፣ የምትተካው ከወጣችው እኩል ወይም የቀጠነች መሆን አለባት። በቀለበት እየለኩ እንጂ በዓይን አይሆንም። ሐኪሙ ለዚህ አንድ አባባል አለው፤ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ፣ ይነግረዋል። «አዲስ ቢት ወደ አሮጌ ጉድጓድ አይገባም።»

ልጅ አልወለደም። የወለደ ያህል ያሳደገው ታናሽ ወንድሙን ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ ታናሹ ገና አፉን አልፈታም ነበር። ሐኪሙ አዝሎ አሳደገው፣ ትምህርት ቤት ሰደደው፣ ትምህርቱ እምቢ ሲለው ዋሻ አስገብቶ ማሽን አስያዘው። ከኦፕሬተሮቹ ሁሉ የእሱን ምክር የሚሰማ ታናሹ ብቻ ነበር። ቢቷ ፊት ላይ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ አየሩ የተፈጨውን ዱቄት እያራገፈ ከጉድጓዱ ያስወጣል። ያ ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ ቢቷ በራሷ ዱቄት ትታነቃለች። ስለዚህ ሐኪሙ «ቀዳዳዋን በጨርቅ ሳትወትፉ አታምጡልኝ» ይላል። ሌሎቹ ከነጭቃዋ ወርውረውለት ይሄዳሉ። ታናሹ ግን ከካናቴራው ጫፍ ቀዶ፣ እንደ ፋኖስ ክር ጠምዝዞ፣ ቀዳዳዋን ወትፎ፣ ፊቷን አብሶ በሁለት እጁ ያቀብለዋል። «ከነቆቧ አመጣኋት፣ ወንድም ጋሼ» ይለዋል።

እንዲህ ሆነው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው የተኳረፉት። ምክንያቷ አንዲት ሳጥን ናት።

ሐኪሙ ሲሞርድ የሚቀመጥባት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ቀለማቸው እንኳ ያልተነካ አዳዲስ ቢቶች ነበሩ። ለማንም አይሰጥም። አሮጌውን ይሞርዳል፣ ደግሞ ይሞርዳል፣ ቢቷ እንደ በሽተኛ እስክትከሳ ድረስ ይሞርዳል። አንድ ቀን ታናሹ ከዋሻው ወጥቶ፣ ፊቱ በዱቄት ነጥቶ፣ በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያቺን ሳጥን ክፈታት።»

«የቷን?»

«የምትቀመጥባትን ነዋ!»

«እሷ ለክፉ ቀን ናት።»

«ክፉ ቀን ማለት ምን ዓይነት ነው? ቀንድ አለው? ጣሪያው በላዬ ይራገፋል፤ እኔ በዚህች ጥርስ አልባ አሮጊት አንድ ጉድጓድ ለመብሳት ሥሩ ተገትሬ እውላለሁ። አንተ የብረት ጥርስ የምትሞርድ ይመስልሃል፤ የምትሞርደው የእኔን ዕድሜ ነው!»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ከመካከላቸው «ነጋሪት» የሚሉት ኦፕሬተር ነበር፤ ጆሮው ስለከበደ ሹክ ሲል እንኳ መንደር ይሰማዋል። «ኧረ ጉድ! ሐኪሙ ላይ በሽተኛው ተነሳበት!» አለ።

ሐኪሙ ከሰው ፊት መዋረድ አይችልም። ደሙ ፈላ። «አዲስ ካማረህ፣ አዲስ ወንድምም ፈልግ!» አለው።

ታናሹ አየው፣ አየውና ቢቷን ከደፉ ላይ አስቀምጧት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቢቶቹ በሌላ ሰው እጅ ነው የሚመጡት፤ ከነጭቃቸው፣ ቀዳዳቸው ተከፍቶ። ሐኪሙ በየጊዜው ቀዳዳዋን እያየ ሆዱ ይባባል። ግን እኔ ታላቅ ነኝ፣ እሱ ይምጣ ይላል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ታላቅነት ጎንበስ ሲሉ የሚወድቅ ባርኔጣ ነው እንዴ?» ብላዋለች። አልሰማትም።

ዋሻው የተደረመሰው ጠዋት ነው። ሐኪሙ ድምፁን አልሰማም፤ መሬቱ በእግሩ በኩል ነገረው። ግድግዳው ላይ ያሉት ቀለበቶች ተወዛወዙ፣ ጠባብ ጠባቦቹም ከሚስማራቸው ወልቀው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ደማሚት መስሎት ሊያነሳቸው ጎንበስ አለ። አንስቶ ኪሱ ከትቷቸው ቀና ሲል በመስኮቱ ሰው ሲሮጥ አየ። ወደ ዋሻው የሚሮጥ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ከዋሻው ይሸሻል።

እየተንገዳገዱ የወጡት ወጡ። ታናሹና አብረውት መጨረሻ ላይ ይሠሩ የነበሩት ጓደኞቹ አልወጡም። ከዋሻው አፍ የሚወጣው አቧራ እንጂ ሰው አልነበረም።

አለቃው ካርታውን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ፣ መነጽሩን ደጋግሞ እየጠረገ ተናገረ። ዋሻው መጨረሻ ላይ ጣሪያው ጠንካራ የሆነ ሰፊ ክፍል አለ፤ በሕይወት ካሉ ያሉት እዚያ ነው። በበሩ በኩል ቆፍሮ መድረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ድንጋዩም ገና እየወረደ ነው። እስከዚያ ያላቸው አየር አይበቃቸውም። ያለው ተስፋ ከተራራው ጀርባ ላይ ማሽን አቁሞ፣ ቀጥታ ወደ ክፍሉ ክንድ የምታስገባ ቀዳዳ መብሳት ነው። አየር በእሷ ይገባል፣ ውሃም በቱቦ ይወርዳል።

«ካልደረስንስ?» አለ አንዱ።

አለቃው ካርታውን አጠፈ።

የታናሹ ሚስት እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ፣ አንድ እግሯ በጫማ አንዱ በባዶ፣ ዳገቱን ስትወጣ ሐኪሙ አያት። ሊሸሽ ፈለገ፤ ግን ቆመ። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምትለው። በሁለቱ ወንድማማቾች ኩርፊያ ውስጥ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ታወጣልኛለህ አይደል?» አለችው።

የከንፈሯን አነቃነቅ አይቶ ነው የገባው። ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ምን ብሎ እንደነቀነቀ እሱም አያውቅም።

ማሽኑ ተራራው ላይ ቆመ፣ አየር የሚነፋው ኮምፕሬሰር ተነሳ፣ ነጋሪት መያዣውን ጨበጠ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያማረ ነበር። አየሩ ነጭ ዱቄት ከጉድጓዱ እያጎነ ያወጣል፣ ዘንግ በዘንግ ላይ እየታሰረ ይወርዳል። ከዚያ ዱቄቱ ጠቆር አለ። ጠንካራ ድንጋይ ገጠማቸው። የማሽኑ ምት ተለወጠ፤ ሐኪሙ በጫማው ሶል በኩል አወቀው። ቢቷ እየደነሰች ነው እንጂ እየሠራች አይደለም።

ዘንጎቹን አንድ በአንድ አወጡ። ቢቷ ስትመጣ የዳር ጥርሶቿ ሙልጭ ብለዋል። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ተረዳው፤ ይቺ ብዙ ከስታለች፣ ጉድጓዱም ታች ላይ ጠብቧል። ማንም ሊነግረው አያስፈልግም ነበር።

እየሮጠ ወደ ቆርቆሮ ክፍሉ ወረደ። መደርደሪያው ላይ ቀጫጭኖቹ አሮጌ ቢቶች ተሰልፈዋል። እጁን ወደ እነሱ ዘረጋ። ያኔ ዓይኑ ሳጥኗ ላይ ዐረፈ።

ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አያውቅም ይባላል። እሱ ግን ያውቅ ነበር፤ ችግሩ ያወቀው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ቢት አላየም፣ ቀለበት አላየም፤ የታየው በሩ ላይ የቆመው ነጭ ፊት ነው። «ክፉ ቀን ቀንድ አለው?» ያለው። እነሆ መጣ፣ ቀንዱም ታየ። ወንድሙ አዲስ ቢት ለምኖ ነው የከለከለው፤ አሁንም አሮጌ ሊልክለት? ሳጥኗን ክዳኗ እስኪገነጠል ከፈታት። ከላይ ያለችውን፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቀውን፣ ጥርሷ ሙሉ የሆነችውን አነሳ። እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ዳገቱን ወጣ።

አለቃው ቢቷን አየና ቅንድቡን ሰበሰበ። «በቀለበት ለክተሃታል?» አለው፣ አፉን ወደ ጆሮው አስጠግቶ።

«እኔን ነው እንዲህ የምትጠይቀው?» አለ ሐኪሙ።

አለቃው ወደ ማሽኑ መንገድ ለቀቀለት። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሥፍራ ቢት የሚለካ ሌላ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሐኪሙ ለካሁ ካለ ተለክታለች። አለመለካቷን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ቢቷ ታሰረች፣ ወረደች። ጉድጓዱ ገና ሰፊ የሆነበትን የላይኛውን ቦታ በሰላም አለፈች። ከዚያ ነጋሪት ፊቱን አዞረ። «ሐኪሜ! ያዝ አደረገኝ!»

«ቆሻሻ ነው! ግፋው!»

«ቆሻሻ አይመስለኝም!»

«ግፋው ነው የምልህ!»

ነጋሪት ገፋው። ማሽኑ መታ፣ መታ፣ መታ። እያንዳንዱ ምት ወፍራሟን ቢት ጠባቡ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ቀረቀራት። ከዚያ ዘንጉ መዞር አቆመ። ማሽኑ ራሱ ተንቀጠቀጠና ተንፈራገጠ። ነጋሪት አየሩን ዘጋ።

ሐኪሙ ያን ጊዜ ነው የነቃው። ሕይወቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ሲሰብክ የኖረውን እሱ ራሱ ረሳው።

የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። ወደ ኋላ ጎተቱ፣ አየር ለቀቁ፣ ዘይት አፈሰሱ፣ በትልቁ መፍቻ ሦስት ሰው ተንጠልጥሎ ሊያዞር ታገለ። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ቢቷ ታች ተቀርቅራለች፤ ያ ሁሉ የተበሳ ጉድጓድ ከነዘንጉ ተደፈነ። ሰዎቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ የሐኪሙ ግን ከዚያም ባሰ። በብብቱ የነበረው የወንድሙ ትንፋሽ ነው።

የታናሹ ሚስት ከሰዎቹ መሀል ተነስታ መጣች።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ለምን ዝም አለ?»

«እኔ ነኝ» አላት።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ ያስጣበቅኩት። አዲስ ቢት አስገባሁ።»

የምትጮህበት መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። አልጮኸችም። ዓይኑን ሲከፍት ቀስ ብላ እያየችው ነበር። «ልጃችንን ጫማ እምቢ ሲለው እንኳ ቤታችን ውስጥ የሚባለውን? ወንድምህ ‹አዲስ ቢት ወደ አሮጌ ጉድጓድ አይገባም› እያለ፣ እየሳቀ፣ የአንተን ድምፅ እያስመሰለ … ያንን ነው የረሳኸው?»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ። መሬቱ ግን የሚውጠውን ቀድሞ መርጧል። ወንድሙ ከኩርፊያቸውም በኋላ በየቀኑ በድምፁ ሲስቅ መኖሩን ያወቀው አሁን ነው።

ተንበርክኮ የተጣበቀውን ዘንግ በሁለት እጁ ያዘ። ጣቶቹ ደንዝዘዋል፤ ምንም አልነገሩትም። ጆሮው ከድሮ ጀምሮ አይሰማም። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ወጣት ሳለ ኦፕሬተሮቹ ዘንግ መሰንጠቁን ለማወቅ ጥርሳቸውን አስነክተው ያዳምጡ ነበር። አፉን ከፍቶ በቀሩት የፊት ጥርሶቹ ቀዝቃዛውን ብረት ነከሰ።

አለ። የሆነ ነገር አለ። ጠቅ … ጠቅ … ጠቅ … ቢቷ ድንጋዩን ጥርቅም አድርጋ ስለያዘችው፣ ድንጋዩ ላይ ታች የሚመታ ሰው ቢኖር በብረቱ በኩል ይመጣል። ወይስ የራሱ ልብ ነው መንጋጋው ውስጥ የሚመታው?

«ሰማህ?» አለችው፣ ትከሻውን ይዛ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?»

«የእኔ ልብ ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያውስ ልብህን አስቁመውና ስማ!» አለችው። ይሄን ጊዜ ጮኸች። ተራራው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞር አለ።

ደግሞ ነከሰው። እስኪደማ ነከሰው። ጠቅታው አንዴ ያለ፣ አንዴ የሌለ ይመስላል። በመጨረሻ አፉን ጠርጎ ተነሳና ወደ አለቃው ሄደ። «ሌላ ጉድጓድ እንጀምር» አለው።

«በምን?»

«ባሉት። ከወፍራሟ ጀምረን፣ በቀጭኗ እንጨርሳለን።»

አለቃው መነጽሩን አወለቀ። «ጊዜ የለንም። ፊታቸው ጎበጥ ብሎ ወጣ ያሉትን ቢቶች አምጣ፤ እነሱ ይፈጥናሉ።»

«ይፈጥናሉ። ግን ስንጥቅ ሲያገኙ ስንጥቁን ይከተላሉ። ፈጥነን ክፍሉን ስተን እናልፋለን። ፊታቸው ገባ ያሉት ቀርፋፋ ናቸው፣ ግን ቀጥ ይላሉ።»

«ቅድምም እርግጠኛ ነበርክ።»

ቃሉ እንደ መርፌ ገባ። ሐኪሙ ግን ዓይኑን አልሰበረም። ከኪሱ ቀለበቶቹን አውጥቶ የአለቃው መዳፍ ላይ አኖራቸው። «ነበርኩ። ለዚህ ነው ከእንግዲህ አንተ የምትለካው። እኔ ለካሁ ብልህ እንዳታምነኝ።»

አለቃው ቀለበቶቹን ጨበጠ፣ ካርታውን ደግሞ አየ። ስንጥቁ ካርታው ላይም አለ። «በቀርፋፋዎቹ ይሁን» አለ ቀስ ብሎ።

የቀራቸው ሥራ አየሩ ሳያልቅ መድረስ ነው፤ የመረጡት ግን ቀርፋፋው መንገድ ነው። ቀርፋፋ ነገር እንዴት እንደሚያሰቃይ እዚያ የዋለ ያውቀዋል። አንዷ ቢት ትወርዳለች፣ ትከሳለች፣ ዘንጉ ሁሉ ተፈትቶ ትወጣለች። አለቃው በቀለበት ይለካል። ሐኪሙ ከእሷ በምትጠብ ቀለበት የምታልፍ ሌላ ቢት ይሞርዳል፤ አለቃው እሷንም ይለካል፣ ከዚያ ትወርዳለች። የታናሹ ሚስት ከማሽኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዱቄቱ ሲወጣ ታያለች። ሰው ዳቦ ሲያቀርብላት ትይዘዋለች እንጂ አትበላውም። አንዳንዴ ተነስታ ወደ ሐኪሙ ትመጣና ምንም ሳትናገር ትመለሳለች። ከመናገሯ ይልቅ ይሄ ያቃጥለዋል።

ፀሐይ ጠለቀች፣ ወጣች፣ ደግሞ አዘቀዘቀች። መደርደሪያው ባዶ ሆነ። የቀረችው «አሮጊቷ» ናት። ታናሹ በእጁ ይዟት የተጣላባት፣ ሰው ሁሉ «ወርውራት» ሲለው ሐኪሙ እምቢ ያለባት ቢት። ከሁሉም የቀጠነች፣ ለመሞረድ እንኳ ጥርስ ያልቀራት የምትመስል። ከእሷ በኋላ ምንም የለም። ጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ የምትገባ ሌላ ቢት በዚያ ተራራ ላይ አልነበረችም።

ሞረዱ ላይ አስጠጋት። ጣቶቹ ነጥተው እንደ እንጨት ደርቀዋል፣ አይታዘዙትም። አንዷን ጥርስ አብዝቶ ቢሞርዳት ትሸረፋለች፤ አሳንሶ ቢሞርዳት ድንጋዩን ታስለቅሳለች። አንዷን ጨርሶ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ ቀጣይዋ፣ ትንፋሹን ይዞ እያሻሸ ሄደ። ሲጨርስ የእንቁላል ጫፍ ባይመስሉም የድርጭት እንቁላል ይመስሉ ነበር። አለቃው ለካት። አለፈች።

ነጋሪት ሲያስራት ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ፣ እውነተኛ በሆነ ሹክሹክታ፣ «በይ እንግዲህ እማማ» አላት።

ወረደች። ዱቄቱ ሳሳ። ምቱ ደከመ። አንዷ ጥርስ መሰበሯን ሐኪሙ በጫማው ሶል አወቀ፤ ለማንም አልተናገረም። ሌላዋም ተሰበረች። ማሽኑ ግን መምታቱን አላቆመም። የታናሹ ሚስት ቆማለች። አለቃው ሰዓቱን ማየት ትቷል።

ድንገት ዘንጉ ወደ ታች ሸተት አለ።

«ወደቀች!» አለ ነጋሪት። ከጉድጓዱ አፍ ይወጣ የነበረው አየር ቆመ፤ ታች ሌላ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው። ኮምፕሬሰሩን አጠፉ። አለቃው መዶሻ አንስቶ ዘንጉን መታ፣ መታና ጆሮውን ደገነ። ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ።

ለሐኪሙ ዝምታ ሁልጊዜ ያው ነው። ስለዚህ ፊታቸውን ነው ያየው። የነጋሪትን አየ፣ የአለቃውን አየ። መጀመሪያ እንደ ተከፈተ በር የነበሩት ፊቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ አየ። ማንም ምንም አልሰማም። ደግመው መቱ። ፊቶቹ አልተከፈቱም። የታናሹ ሚስት ወደ እሱ ዞረች፤ እሱ ግን ሊያያት አልቻለም።

«እናውጣትና ቱቦውን እናውርድ» አለ አለቃው፣ ወደ መሬት እያየ። በሕይወት ቢኖሩም ባይኖሩም ይወርዳል እንደማለት ነበር።

ዘንጎቹን ፈቱ። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ወጣ። እያንዳንዱን ሐኪሙ ይቀበልና መሬት ላይ ያጋድመዋል። ሬሳ የሚያጋድም ነበር የሚመስለው። በመጨረሻ አሮጊቷ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ አለች፤ ጭቃ ለብሳ፣ ግማሽ ጥርሷ ረግፎ። ነጋሪት ሊፈታት እጁን ሲሰድ ሐኪሙ እጁን ይዞ አስቆመው።

ጎንበስ አለ። በአውራ ጣቱ ጭቃውን ጠረገ። የአየር ቀዳዳዋ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ድንጋይ መሰለው፤ ድንጋይ ግን እንዲህ አይለሰልስም። የካናቴራ ጫፍ ነው። እንደ ፋኖስ ክር የተጠመዘዘ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ አየር እንዳያስገባ ጥብቅ ተደርጎ የተወተፈ።

መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ምንድነው? ጋሼ፣ ምንድነው?» የታናሹ ሚስት ትከሻው ላይ ተደፋች።

ቢቷን ፈትቶ፣ ጨርቁን ሳያወልቅ፣ ከነቆቧ በሁለት እጁ አቀበላት። እሷ ያንን ጨርቅ ታውቀዋለች፤ ካናቴራውን በየሳምንቱ የምታጥበው፣ ጫፉ እያጠረ በሄደ ቁጥር የምትነጫነጭበት እሷ ናት። ቢቷን ፊቷ ላይ ለጥፋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ነጋሪት ማልቀስ ጀመረ፤ የእሱን ለቅሶ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

«ቱቦውን! ውሃውን! ቶሎ!» አለቃው ይጮሃል። ሰው ይራወጣል።

ሐኪሙ ግን እዚያው ተቀምጦ ነበር። ወንድሙ ገና አልወጣም። ሰው የሚያስወጣ ሰፊ ጉድጓድ ለመብሳት ስንት ቢት እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ታች ያለው ጣሪያ እስከዚያ መቆሙን ማንም አያውቅም። ጓደኞቹ ይኑሩ አይኑሩ ያቺ ጨርቅ አትናገርም። ሁሉንም ያውቃል።

የታናሹ ሚስት ዓይኗን ጠርጋ ቢቷን መለሰችለት። «ጋሼ፣ አሁን ምን ይደረጋል?»

«ወትፎ ላከልኝ» አለ፣ ለጥያቄዋ መልስ እንደሆነ ሁሉ። «ስንት ጊዜ ሳይወትፍልኝ ቆይቶ።»

ከዚያ መሬቱን ተደግፎ ተነሳ። ሳጥኗ ተከፍታ፣ አዳዲሶቹ ቢቶች ክፍሉ ውስጥ ይጠብቁታል፤ ለአዲስ ጉድጓድ አሁን ጊዜያቸው ነው። አሮጊቷን ከነጨርቋ ብብቱ ሥር ይዞ፣ ቁልቁለቱን ወደ ሞረዱ ወረደ።